ባለቤት ያጣው ድንጋይ

በአንድ ወቅት፣ ወንዝ ከመኳንንት በላይ በሚከበርበት ዘመን፣ በዓባይ ዳር ዳምጤ የሚባል ታንኳ ቀዛፊ ነበር። ወንዙ በክረምት ሲሞላ ጩኸቱ ሙታንን ቀስቅሶ «ማነው የሚያንኳኳው?» ያሰኛቸው ነበር አሉ። ውሸት ነው የሚል ካለ ሄዶ ሙታኑን ይጠይቅ።

ዳምጤ ጉልበትም ማዕረግም አልነበረውም። የነበረው አንድ እፍኝ ገለባ ነው። ጠዋት ጠዋት ገለባውን ወንዙ ላይ ይበትናል። ገለባው ተንሳፍፎ ከታች ካለው ሾላ ከደረሰ «ወንዙ ፈቅዷል» ይላል፤ ሰው ይሻገራል። ሾላው ጋ ሳይደርስ ከሰጠመ «አልፈቀደም» ይላል፤ ሰው ይቀመጣል። በቃ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህች ቃል ላይ ቃል የጨመረ አልነበረም። አንድ ደጃዝማች እንኳ ከነጭፍራው አሥራ ሰባት ቀን ዳር ላይ ተቀምጦ፣ ስንቁን ጨርሶ፣ የበቅሎውን ኮርቻ ቀቅሎ በልቶ ነው የተሻገረው።

ታናሽ ወንድሙ ይርሳው ከኋላ ቆሞ በረጅም ዘንግ ታንኳውን ያቀናል። አባታቸው ሲሞት ያሳደገው ዳምጤ ነውና፣ ይርሳው ግባ ሲሉት የሚገባ፣ ውረድ ሲሉት የሚወርድ ልጅ ነበር። ሚስት አግብቶ እንኳ ያው ነው።

አንድ የነሐሴ ጠዋት ዳምጤ ገለባውን በተነ። ወንዙ አንድ ክንድ ሳያስኬድ ዋጠው። ዳምጤም ሄዶ ቁጭ አለ።

መጀመሪያ የመጣው ባሻ ወንዳፍራሽ ነው፤ የአገር ገዢው መልእክተኛ። በአንገቱ ያንጠለጠለው ማኅተም ጋሻ ስለሚያህል፣ ባሻ የሚሄደው እግሩ ወዳለበት ሳይሆን ማኅተሙ ወደሚጎትተው ነበር።

«ተነሥ፣ አሻግረኝ» አለ።

«ወንዙ አልፈቀደም፣ ጌታዬ።»

«ወንዙን ማን ጠየቀው? በንጉሥ አምላክ፣ ተነሥ።»

በዚያ ዘመን «በንጉሥ አምላክ» የተባለ ሰው፣ እህል እያላመጠ ቢሆን መንጋጋው ባለበት ይቆማል። ዳምጤ ተነሣ። ቆመ እንጂ ግን አልተራመደም። «እኔስ ተነሥቻለሁ» አለ፤ «ወንዙ ግን አዋጅ አይሰማም።»

እንዲህ እንደተፋጠጡ ጎሹ ደረሰ፤ ጢሙ ውስጥ ሁለት ቁራ ጎጆ ሠርቶ ጫጩት አሳድጓል የሚባልለት ጎሹ። ማኅተም የለው፣ ማዕረግ የለው፤ ያለው ጠመንጃ ነው። ማዶ የወንድሙ ሠርግ ነበርና ከጥሬ ሥጋው እንዳይቀር ቸኩሏል። ነገሩን እንኳ ሳይጠይቅ አፈሙዙን በዳምጤ ጀርባ ላይ አሳረፈ።

«ወደ ታንኳው ሂድ።»

«ተኩስ» አለ ዳምጤ። «ከዚያ ማን ሊቀዝፍልህ ነው? ጢምህ?»

ጎሹ እየሳቀ ጥይቱን አጎረሰ። የዳምጤ አፉ ጀግና ነበር፤ እግሩ ግን ከአፉ ጋር አልተማከረም። እስከ ታንኳው ሄደ። እዚያ ሲደርስ ገመዱን አልፈታም ብሎ ቆመ።

በመጨረሻ የመጣችው ማንጠግቦሽ የምትባል ባልቴት ናት። የያዘችው አንድ ቅል ቅቤ ብቻ። ማዶ ልጇ ምጥ ከያዛት ሦስተኛ ቀኗ ነው። ከወንዙ ዳር የራሷን ክብደት የሚያህል ድንጋይ አንሥታ ማጅራቷ ላይ አደረገች፤ ይቅርታ እንደሚለምን በደለኛ ጭቃው ላይ ተንበረከከች።

«እማማ፣ ኧረ አውርጂው» አለ ዳምጤ።

«አንተ አውርድልኝ፣ ልጄ።»

«ገለባው እኮ ሰጥሟል።»

«እኔ ገለባ አላውቅም። ልጅ ነው የማውቀው።»

ዳምጤ ድንጋዩን አወረደላት። ባወረደበት እጁ ገመዱን ፈታ።

ይርሳው ዘንጉን ተደግፎ ሁሉንም ያይ ነበር።

«ጋሼ፣ ገለባውን አይተኸዋል አይደል?»

«አይቻለሁ።»

«እና?»

«ግባ።»

ገባ።

መሃል ወንዝ ላይ ሰው ይጸልያል እንጂ አይፎክርም። እነዚህ ግን ፎከሩ። «አያችሁ፣ በአንዲት ቃል አስነሣሁት» አለ ባሻ፣ ማኅተሙን እየዳሰሰ። ጎሹ «ጌታው፣ እርስዎ ሐውልት አቆሙ፤ ያራመድኩት እኔ ነኝ» አለው። ማንጠግቦሽ እንኳ አላስቻላትም፤ «ገመዱን የፈታው ለእኔ ነው» አለች፣ ቅሏን እንዳቀፈች። ዳምጤ ሦስቱንም ሰማ። አንዱም ስለ ሰው የሚያወራ አልመሰለውም፤ ስለሚነዳ በቅሎ እንጂ።

ያን ጊዜ ወንዙ ታንኳውን ናጠው ማለት ያንስበታል፤ እንደ ቆሎ አንጓለለው። ዘንጉ ተሰበረ። ታንኳው ማዶ ሲላተም ሦስቱ መንገደኞች ነበሩ፣ ዳምጤ ነበር፣ የቅቤው ቅል ሳይቀር ነበር። ይርሳው አልነበረም።

አስከሬኑ አልተገኘም። ማንጠግቦሽም ስትደርስ ልጇ ከተቀበረች አንድ ቀን ሆኗት ነበር። ጎሹ ብቻ ሥጋውን ደረሰበት፤ መዋጥ ግን አልቻለም ይባላል።

የእነዳምጤ እናት ወይዘሮ አንጓች በራቸውን ገርበብ አድርገው ባዶ መሬት ላይ ተቀመጡ። ሽማግሌዎችም ማንጠግቦሽ ማጅራቷ ላይ ተሸክማው የነበረውን ያንኑ ድንጋይ አስመጥተው ደጃቸው ላይ አኖሩ። «ዳምጤን ያንቀሳቀሰው ሰው ይህን ተሸክሞ ይግባና ይማሩኝ ይበል» ብለው ፈረዱ። «እስከዚያ እናቲቱ ከመሬት አይነሡም።»

የፎከሩት ሦስቱ ተጠሩ።

ባሻ ወንዳፍራሽ ማኅተሙን ነጠላው ውስጥ ደብቆት መጣ። «እኔ አዘዝኩ» አለ። «ትእዛዝ ደግሞ የላኪው ነው፣ የእኔ አይደለም። ዳምጤም ተነሣ እንጂ አልሄደም። ከተቀመጠበት በመነሣቱ ወንድሙ የሞተበት ሰው ታውቃላችሁ?»

ጎሹ ጢሙን እየቆነደደ «እኔ አስፈራራሁ» አለ። «ማን ነኝና አዛለሁ? አልተኮስኩም፤ ጥይቷ ይቻት። የፈራ ሰው የሚፈራው በገዛ ልቡ ነው። በሰው ልብ ውስጥ ገብቼ አላውቅም።»

ማንጠግቦሽ ቆማ ለመናገር አቅም አልነበራትም። «እኔ ለመንኩ» አለች። «ለማኝ ምን ሥልጣን አለው? እምቢ ቢለኝ ምን አደርገው ነበር? ግን ሸክሙ የእኔ ነው ካላችሁ ጫኑብኝ። ማጅራቴ ለምዶታል።»

ሦስት ሰው ወንዝ ላይ የተሻማበት ሥልጣን፣ መሬት ላይ ሲመጣ ባለቤት አጣ። ሽማግሌዎቹ ወደ ዳምጤ ዞሩ።

«እንግዲህ አንተ ተናገር። ማነው ያንቀሳቀሰህ?»

ዳምጤ አፉን ከፈተ። ባሻ ቢል፣ ገዢው «ስሜን ከሰሱ» ብሎ መንደሩን ያቃጥላል። ጎሹ ቢል ደም መቃባት ይመጣል። ማንጠግቦሽ ቢል ትሸከመዋለች፤ ተሸክማም ደጁ ላይ ትሞታለች። «ማንም አላንቀሳቀሰኝም» ቢልስ? ማንም ካላንቀሳቀሰው፣ ሲነሣም ሲራመድም ሲፈታም መቀመጥ ይችል ነበር ማለት ነው። እግሩን አየው። እግሩ አልመለሰለትም።

የዚህን ጊዜ የአንጓች ድምፅ ከበሩ ስንጥቅ ወጣ።

«እኔስ ያንን አልጠየቅሁም» አሉ። «ይርሳውን ግባ ያለው ማነው?»

ወንዙ ሳይቀር ጸጥ አለ አሉ፤ ይህን እንኳ እመኑ።

ዳምጤ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ያዘ። አላነሣውም፤ አልለቀቀውም። ሰባት ክረምት እንደዚያው ጎንብሶ፣ ጀርባው ላይ ሣር በቅሎ ከብት ግጦበታል ይላሉ። ባሻ ወዲያና ወዲህ ይላላካል። ጎሹ ወንድሙ ወልዶ ክርስትና በልቷል። ማንጠግቦሽ ቅሏን ይዛ ከድንጋዩ ማዶ ተቀምጣለች፤ ማንም ነይ አላላትም፣ ማንም ሂጂ አላላትም። አንጓች እስከ ዛሬ ከመሬት አልተነሡም። ወንዙ ዳር ገለባ የሚበትን የለም፤ ሰውም ዝም ብሎ ይገባል፤ የሚደርሰው ይደርሳል።

እንግዲህ እናንተ ጆሮ የሰጣችሁ ፍረዱ። ያዘዘው፣ ያስፈራራው፣ የለመነችው፣ ወይስ «ግባ» ያለው፤ ድንጋዩን ማን ይሸከመው?