ጀርባዋን ሰጥታ የተቀመጠችው እንጉዳይ

ይህን የነገሩን እማማ ሸጊቱ ናቸው። እኛ ልጅ የታቀፍን ሴቶች ማክሰኞ ማክሰኞ ጤና ኬላው ጓሮ እንሰበሰባለን። ልጅ እንዴት እንደሚያዝ፣ እንዴት እንደሚጠባ፣ ሲያስመርረንም ምን እንደምናደርግ እንነጋገራለን። እማማ ሸጊቱ ደግሞ መጨረሻ ላይ የድሮ ነገር አያጡም። እሳቸው እንዳሉት አድርጌ ጻፍኩት።

እንዲህ አሉ።

ድሮ ነው። በጣም ድሮ። ይሄ መንገድ ገና መንገድ ሳይሆን፣ የአያቴ አያት ጥርስ ሳታወጣ፣ ቀጨሞ በር የሚባል መንደር ነበረ። በዚያ መንደር እንጉዳይ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ባሏ ሞቷል። ልጆቿ አድገው ርቀው ሄደዋል። ጭቃ ትረግጣለች፣ ድስት ትሠራለች፣ ሸጣ ትበላለች። ሰው ድስቷን ይወዳል፣ እሷን ግን ይፈራል። ያን ጊዜ ሸክላ የሚሠራ ሰው ዓይኑ ቡዳ ነው ይባል ነበራ። ድስቷን እየገዙ ልጆቻቸውን ነጠላ ውስጥ ይሸሽጋሉ። እሷም ታውቃለች። ልጅ ያለበት ደጅ ስትደርስ ፊቷን ወደ ማዶ ታዞራለች። ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ይለምዳል አትበሉኝ። ይለምዳል።

በዚያው መንደር አንጓች የምትባል ልጅ እግር ነበረች። ከሩቅ አገር የመጣች ሙሽራ ናት። እናቷ ቀድማ ሞታባት ያሳደጓት መነኩሲት አክስቷ ናቸው። እህት የላትም፣ ወንድም የላትም፣ ሕፃን ታቅፋ አታውቅም። ደምለው የሚባል ገበሬ አገባት፤ ደግ ልጅ ነው። ከዚያ ወለደች። ሴት ልጅ።

የደምለው እናት እሜቴ ሽቱ ይባላሉ። እሜቴ ሽቱ በጊዜያቸው ልጆች ቀብረዋል። ሁሉንም ዓይን በላብኝ ነው የሚሉት። ስለዚህ የልጃቸው ልጅ ስትወለድ ደጁን በሰሌን ጋረዱና፣ "ክርስትና እስክትነሣ ማንም አይገባም፣ ማንም አያያትም" አሉ። ጎረቤት ቀረ። የሚመጣው እህል ደጅ ላይ ተቀምጦ ይኬዳል። ክፋት አልነበረም፣ ፍራት ነው። ግን ልብ በሉ፣ ልጅቱን ከዓይን እንጋርድ ብለው እናቲቱን ከሰው ሁሉ ጋረዷት።

ልጅቱ ታለቅሳለች። አንጓች ታነሣታለች፣ ታለቅሳለች። ታስተኛታለች፣ ታለቅሳለች። ጡት ትሰጣታለች፣ ይዛ ትለቃለች፣ ታለቅሳለች። እሜቴ ሽቱ ይቆጣሉ።

"እኔ እንዳንቺ ያለች እናት አላየሁም! እስከ ክርስትናዋ ካላረፈች ቆላ ወስጄ እዚያ ላገባችው ልጄ ነው የምሰጣት። እሷ ታጠባለች፣ እጇም ልጅ ያውቃል።"

አንጓች ምን ትበል? ከዚያ ቀን ጀምሮ ክርስትናው እንዳይደርስ ትጸልያለች። የገዛ ልጇን ክርስትና!

አንድ ቀን እሜቴ ሽቱ ማኅበር ሄዱ። ደምለው እርሻ ሄደ። እንጉዳይ ድስቶቿን አዝላ በዚያ ስታልፍ ለቅሶ ሰማች። አለፈች። ትንሽ ሄደች። ተመለሰች።

"ቤቶች! ማን ነው እሚያለቅሰው? ልጅቱ ናት ወይስ እናቲቱ?"

"ማነሽ?" አለች አንጓች ከሰሌኑ ኋላ።

"እንጉዳይ ነኝ፣ ባለሸክላዋ።"

"ሂጂልኝ! አትይብኝ!"

"አላይብሽም። ይኸው ጀርባዬን።"

ድስቶቿን አወረደች። ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ለቤቱ፣ ፊቷን ለእርሻው።

"አሁን ንገሪኝ። ማን ነው እሚያለቅሰው?"

"ሁለታችንም።"

"እንዲህማ አይሆንም። በተራ አድርጉት። መጀመሪያ አንቺ።"

አንጓች ከወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቋ መጣ። ሳቁ ግን ሄዶ ሄዶ ለቅሶ ሆነ። እንጉዳይ ዝም ብላ ሰማች። አይዞሽም አላለች፣ በቃሽም አላለች። ሲበርድላት ጠየቀቻት።

"እህል ቀምሰሻል?"

"ሳስቀምጣት ታለቅሳለች እኮ።"

"ታልቅስ። ቁርበቱ ላይ በጀርባዋ አስተኚያት። አንቺ ውኃ ጠጪ፣ ቅመሺ። እኔ ድምጿን እየሰማሁ እቆያለሁ።"

አንጓች ጠጣች። ቀመሰች። ተመልሳ ልጅቱን ስታነሣ እጇ ረጋ ብሎ ነበር። ልጅቱም የረጋ እጅ ስታገኝ ረገብ አለች። የዚያን ቀን ይሄ ብቻ ነው የሆነው።

ሌላ ቀን እንጉዳይ መጣች። ድስቶቿን አወረደች። ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች።

"መጀመሪያ አንቺ" አለች።

"ጡቴ ቆሰለ እትዬ። ስትይዘኝ ነፍሴ ትወጣለች።"

"እኔ አላይም፣ አንቺ ንገሪኝ። እንዴት አድርገሽ ነው የምትሰጫት?"

"እሷ ጭኔ ላይ ትተኛለች፣ እኔ ጎንበስ እልላታለሁ።"

"ተይ፣ ተይ! እኔ ድስት ስሠራ ወደ ጭቃው ስጎነበስ ብውል ወገቤ ተቆርጦ ይቀር ነበር። ጭቃውን ነው ወደ ራሴ የማመጣው። አንቺ ቀና በይ። ልጅቱን ወዳንቺ አምጪያት። ሆዷ ሆድሽን ይንካ። ጫፉን ብቻ አታጉርሻት። አፏን እስክትከፍት ጠብቂ፣ ስትከፍት ያኔ ጠጋ አድርጊያት።"

ልጅቱ ተነጫነጨች። ከዚያ ከሰሌኑ ኋላ ጉርጭ፣ ጉርጭ የሚል ድምፅ መጣ።

"እየዋጠች ነው" አለች እንጉዳይ ለእርሻው።

ከዚያ ወዲያ ገበያ ስትሄድም ጎራ ትላለች፣ ስትመለስም ጎራ ትላለች። ሁልጊዜ ጀርባዋን ሰጥታ። ልጅቱን በድምጿ ብቻ ለየቻት። ይሄ የረሃብ ነው፣ ይሄ የእንቅልፍ ነው፣ ይሄ ደግሞ የነገረኛ ነው ትላለች። አንጓችም እየሰማች መለየት ጀመረች። ልጅቱ ግን ልጅ ናት፣ አንዳንድ ቀን ዝም ብላ ታለቅሳለች። ክርስትናውም እየቀረበ ነው።

ክረምቱ ሲገባ አንድ ቀን ልጅቱ ከንጋት ጀምራ አላረፈችም። ጠባች፣ አለቀሰች። ደረቅ ጨርቅ ተቀየረላት፣ አለቀሰች። እንጉዳይ ስትደርስ አንጓች ሰሌኑ ሥር ቆማለች።

"እትዬ እንጉዳይ፣ ልወረውራት ነው።"

እዚህ ላይ ከእኛ አንዷ፣ "ወይ ጉድ፣ ምን ክፉ ናት!" አለች።

እማማ ሸጊቱ ዘወር ብለው፣ "አንቺ አስበሽው አታውቂም?" አሏት።

ያቺ ሴት አቀረቀረች። እኛም አቀረቀርን። እማማ ሸጊቱ ቀጠሉ።

እንጉዳይ ክፉ አላለቻትም። አልጮኸችባትም። ድስቶቿን አውርዳ ወደ ሰሌኑ የኋሊት ተጠጋች።

"ጀርባዬ ዓይን የለውም። አንቀልባውን አምጪና እሰሪልኝ። ከዚያ ሄደሽ ተኚ።"

አንጓች ልጇን ባለሸክላዋ ጀርባ ላይ አሰረች። ገብታ ወደቀች። እንጉዳይ ከጣራው ክፈፍ ሥር ወዲያ ወዲህ አለች። ዝናቡ ይዘንባል። ልጅቱ አለቀሰች፣ አለቀሰች፣ ተኛች።

እሜቴ ሽቱ በዚህ መሐል መጡ።

"ኡኡ! በላቻት! የልጄን ልጅ በላቻት!"

ጎረቤት ዱላ ይዞ ወጣ። ደምለው እየሮጠ መጣ። እንጉዳይ አልሸሸችም፤ ልጅ አዝላ እንዴት ትሽሽ? ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና፣ "ቀስ ብላችሁ ውሰዷት፣ ተኝታለች" አለች። የሚጠጋ ግን ጠፋ።

"ዛሬውኑ ቆላ ትወርዳለች!" አሉ እሜቴ ሽቱ። "እናት ተብላ! ለቡዳ አሳልፋ ሰጠቻት!"

አንጓች ከእንቅልፏ ነቅታ ወጣች። ያቺ ድምፅ የሌላት ልጅ ሰሌኑን በእጇ ገፋ አድርጋ ወጣች።

"እሜቴ፣ ልጄን ልጥላት ነበር። ዛሬ ጠዋት። እርስዎ ቆላ ይወስዱብኛል ብዬ ለማን ልናገር? ማን ያዘልኝ? ሰሌኑ ነው የያዘልኝ?"

አንጓች ወደ እንጉዳይ ሄደች።

"እትዬ እንጉዳይ፣ ዙሪ።"

"አይሆንም ልጄ። ነገ ራሷን ቢያማት በድንጋይ ይወግሩኛል።"

"ዙሪ። ልጄን እዪልኝ።"

አንቀልባውን ራሷ ፈታች። ልጅቱን ራሷ ታቀፈች። እንጉዳይ ቀስ ብላ ዞረች። ዓይኗን ጨፍና ነው የዞረችው። ቆየችና ገለጠች። ስንት ጊዜ ድምጿን የሰማችውን ልጅ ፊቷን ያየችው ያን ቀን ነው። አየቻት፣ አየቻት፣ አየቻት።

"ውይ!" አለች። "አፍንጫዋ ቁርጥ እሜቴ ሽቱ! ይህን አፍንጫ ማን ደፍሮ ይበላዋል?"

መጀመሪያ ደምለው ሳቁን ሊያፍነው ሞከረ፣ አልቻለም። ጎረቤቱ ዱላውን ተደግፎ ሳቀ። በመጨረሻ እሜቴ ሽቱ ራሳቸው አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። ሲስቁ ሲስቁ እንባቸው መጣ። እዚያው ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ።

"የእኔ ልጆች ሲያለቅሱ እዚህ የተቀመጠልኝ ሰው አልነበረም" አሉ።

"እንግዲያው ተራው የእርስዎ ነው" አለች እንጉዳይ። አጠገባቸው ተቀምጣ እስኪበቃቸው ሰማቻቸው።

ሰሌኑን እሜቴ ሽቱ በገዛ እጃቸው አነሡት። ልጅቱ ቆላ አልወረደችም። በክርስትናዋ ቀን ቤተ ክርስቲያን የሄደችው በእናቷ እቅፍ ሆና ነው፤ መንገዱን ሁሉ አልቅሳለች፣ አንጓች ግን የእንቅልፍ መሆኑን አውቃ አልደነገጠችም። እንጉዳይ ግን ከዚያ ወዲያ ከደጅ ደጅ ተፈላጊ ሆነች። ድስት የማይገዛትም ይጠራታል። ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች። ሳይሏት አትዞርም። እስክታረጅ፣ እስክትሞት እንዲሁ ነበረች።

እንግዲህ ልጆቼ፣ በዚያ አገር እስከ ዛሬ አራስ ልትጠይቅ የሄደች ሴት ሰተት ብላ አትገባም። ደጃፉ ላይ ጀርባዋን ለቤቱ ሰጥታ ትቀመጣለች። ልጁ ደህና ነው ወይ አትልም። "መጀመሪያ አንቺ" ትላለች፣ ከዚያ ትሰማለች። እናቲቱ በልቧ ያለውን ታወራለች፤ የሚያሳፍረውንም፣ የሚያስፈራውንም። አውርታ ሲበቃት "ዙሪ" ትላለች፣ ያን ጊዜ ልጁ ይታያል።

አንዳንዷ እናት ቶሎ ትላለች። አንዳንዷ ትቆያለች። ብትቆይ ግን ማንም አይቆጣትም፣ ማንም አይነሣም። ገበያው ቢያልፋትም፣ ዝናቡ ቢመጣባትም፣ ጠያቂዋ ፊቷን ወደ እርሻው አድርጋ ትጠብቃለች።