የቢተው ሳል

ጸልዬ ጸልዬ አልተሰማልኝም ብሎ ለሚያማርር ሰው፣ የአገራችን ሽማግሌዎች የሚመልሱለት አንድ አባባል አለ። አባባሉን የማያውቅ የለም፤ መነሻውን ግን ሁሉም የየራሱን ያወራል። እኔ ከአያቴ የሰማሁት ይህን ነው።

በወሎ ቆላ አንዲት መንደር ነበረች። ከጉብታዋ ላይ የማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ከግርጌዋ መስጊድ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ለየብቻ አርዶ አብሮ ይደግሳል፤ ሰው ሲሞት አብሮ ይቀብራል። አንድ ዓመት ግን በግጦሽ መሬት ተጣሉና በዱላ ተደባደቡ። ቢተው የሚባል ክርስቲያን ገበሬ ሙሄ የሚባለውን የሙስሊም ጎረምሳ መትቶ ክንዱን ሰበረው። በግርግሩ መሃል ደግሞ የቢተው በሬ ጠፍቶ፣ የሙሄ ታላቅ ወንድም እንድሪስ በረት ውስጥ ተገኘ።

"በሬዬን ስጠኝ" ብሎ ላከ ቢተው።

"ወንድሜን ይቅርታ ይጠይቅና ይውሰድ" ብሎ መለሰ እንድሪስ።

ቢተው አሻፈረኝ አለ። ከዚያ ወዲያ ላይኛውና ታችኛው ሰላምታም ተወ፤ ለቀብር መድረስም ቀረ።

ሐምሌ ገባ፤ ዝናብ የለም። ክርስቲያኖቹ ወደ ቄስ ምስጋናው ሄደው ምህላ ይያዝልን አሏቸው።

"መልካም" አሉ ቄሱ። "ግን አስቀድመን ታች ካሉት ጋር እንታረቅ። መባህን ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይላል ወንጌሉ።"

"አባ፣ በሬዬን ያሰረብኝ ሰው እንዴት ወንድሜ ይሆናል?" አለ ቢተው።

"ክንዱን የሰበርክበትስ ምን ይበል?"

ሌላውም አጉረመረመ። ቄሱ ሕዝቡን እምቢ ማለት ስላልሆነላቸው ቅር እያላቸው ምህላውን ጀመሩ። ሁለት ቀን እግዚኦ ሲባል ዋለ። የእጅ መዳፍ የምታህል ደመና እንኳ አልታየችም።

ሦስተኛው ቀን ዓርብ ነበር። ቢተው "ዛሬ ወንዱ ሁሉ ለጁምዓ ሶላት መስጊድ ነው" ብሎ አሰበና ከምህላው ሹልክ ብሎ ወረደ። የበረቱን እሾህ አንስቶ በሬው አንገት ላይ ገመድ አገባ። ያን ሰሞን ደረቅ ሳል ይዞት ነበርና በዚህ መሃል ጉሮሮውን ያዘው። ጋቢውን አፉ ውስጥ ጠቀጠቀ፤ ሳሉ ባሰበት።

"ቢተው ነህ?" የሚል ድምፅ ከቤት ውስጥ ተሰማ። የእንድሪስ እናት እመት ዘሀራ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ይህን ሳል ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ማር እያላሱ ሲያስታግሱት ስለኖሩ ያውቁታል። "ዛሬም አልተወህም ልጄ?"

ቢተው እፍረት ይዞት ገመዱን እንደያዘ ቀረ። ሰጋጆቹ ሲመለሱ እዚያው አገኙትና ከበቡት። ዱላ ሲነሳ እመት ዘሀራ ወጥተው ፊቱ ቆሙ። "ከደጄ ደም አይፈስም" አሉ።

ወሬው ከላይ ቤተ ክርስቲያኑ ደረሰ። ክርስቲያኖቹ ምህላውን ትተው ዱላቸውን እያነሱ ወረዱ። ቄስ ምስጋናው በአቋራጭ ቀደሟቸው፤ ከመንገድ ዳር ትልቅ ድንጋይ አንስተው አንገታቸው ላይ አደረጉና እንድሪስ ደጅ አጎንብሰው ቆሙ።

ሲሮጥ የመጣው ሁሉ ባለበት ቆመ።

"አባ፣ እርስዎ ምን አጠፉና ነው?" አለ አንዱ ከኋላ።

ቄሱ ዘወር አላሉም። "እንድሪስ ልጄ፣ የወንድምህን ክንድ የሰበርነው እኛ ነን። ዛሬ ከበረትህ የገባነውም እኛ ነን። ይቅር በለን። ካላልከኝ ከዚህ አልነሳም" አሉ።

እንድሪስ መሬት መሬቱን አየ። ሙሄ ግን የተሰበረ ክንዱ በደረቱ እንደታሰረ መጣ፤ በደህና እጁ ድንጋዩን እየገፋ ከቄሱ አንገት አወረደው። "ይህ ለእርስዎ አይገባም፣ አባ" አለ። ይህን ጊዜ ቢተው ገመዱን ጣለ፤ ሄዶም ከሙሄ እግር ላይ ወደቀ። ሙሄ አነሳው፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ዱላ የያዘው ሁሉ ዱላውን የሚያደርግበት አጣ።

እሑድ ዕለት ከላይ እግዚኦታ፣ ከታች ዱአ፣ በአንድ ሰዓት ሆነ። በዚያው ቀን ዘነበ የሚሉ አሉ፤ አያቴ ግን በአምስተኛው ቀን ነው ይል ነበር። መሬቱ እንደረሰረሰ ቢተው በተመለሰለት በሬው ከራሱ ማሳ በፊት የሙሄን ማሳ ማረስ ጀመረ፤ የሙሄ ክንድ ገና አልጠናምና።

እመት ዘሀራ ማር በጥብጠው ይዘውለት መጡ። ጠጥቶ አፉን ጠረገና፣ "እናቴ፣ ያኔ ሁለት ቀን ሙሉ እግዚኦ ስንል ሰማዩ ዝም ያለን ምነው ይሆን?" አላቸው።

እመት ዘሀራ ሳቁ። "በሬውንስ ያን ዓርብ መች ወሰድከውና? ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት።"