ከጅብ ባያስጥልም

አንድ ይመኑ የሚባል የእህል ነጋዴ ነበር። ግቢው ሰፊ፣ ግንቡ ከሰው ቁመት በላይ። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ሰው አስጠላው። ዘመድ ሲመጣ "ሊግጠኝ ነው"፣ ጎረቤት ሲመጣ "ወሬ ሊለቅም ነው" እያለ በሩን ከውስጥ ቀረቀረ። ከእድሩም ወጣ። ሰው አይድረስብኝ አለ፤ ሰውም አልደረሰበትም። እንዲህ ሆኖ ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን የቤቱ ጭርታ ከበደው።

በዚህ መካከል አንድ የንግድ ወዳጁ ከሩቅ አገር ድንክ አህያ ላከለት። ጀርባዋ ከሰው ወገብ አይደርስም፤ ጭነት አትችል፣ ጋሪ አትጎትት፣ እንዲያው ለዓይን የተፈጠረች! ይመኑ ባያት ጊዜ ሳቀ። ስንት ዓመቱ ከሳቀ! ስሟን ድምቡሼ አላት። በገዛ እጁ ይቦርሻታል፣ ሰኮናዋን ይሞርድላታል፣ ድርቆሽና ገብስ እያማረጠ ያቀርብላታል። አያ ይመኑ ለሰው የነፈገውን ሁሉ ለአህያ አፈሰሰው።

ድምቡሼ ግን አንድ ዐመል ነበረባት። ጠዋት ጠዋት እንጨት የጫኑ አህዮች በግንቡ ሥር ሲያልፉ ታናፋለች፤ እነሱም ከውጭ ይመልሱላታል። ይመኑ "እነዚህ ባለጌዎች እያስበረገጉብኝ ነው" አለና ከጓሮ፣ ድምፅ ከማይደርስበት ጥግ፣ የድንጋይ ጋጣ ሠርቶ አስገባት። በሳምንቱ ማናፋቷን ተወች። "እሰይ፣ ረጋችልኝ!" ብሎ ደስ አለው። በሁለተኛው ሳምንት ገብሱን አሽትታ ትተወው ጀመር። በሦስተኛው ጆሮዋን ጥላ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መዋል ሆነ ሥራዋ።

ይመኑ ይህችንም ላጣት ነው ብሎ ፈራ። የሚያማክረው ሰው ስላልነበረው በሩ ላይ ቆሞ ማንጠግቦሽ የምትባል እንጨት ሻጭ ስታልፍ ጠራት። ዕድሜዋን ሙሉ ከአህያ ኋላ የሄደች ሴት ናት። ገብታ የድምቡሼን ጥርስ አየች፣ ሰኮናዋን አነሳች፣ ሆዷን ዳሰሰች።

"ጋሽ ይመኑ፣ በሽታ የለባትም።"

"ታዲያ ምን ሆና ነው እህል የማትቀምሰው?"

"ብቸኝነት ነው። አህያ ብቻዋን አይሆንላትም፤ ጓደኛ ይፈልጉላት።"

ይመኑ ሳቀባት። "አንቺ ሴት፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል አልሰማሽም? ጅብ እንዳይደርስባት ግንብ አለላት። ሌላ አህያ ምን ይፈይድላታል?"

"ተረቱስ ልክ ነው፣ ከጅብ አያስጥላትም" አለች ማንጠግቦሽ። "ግን ጋሼ፣ አሁን እየበላት ያለው ጅብ ነው እንዴ?"

ይመኑ ያልተነካውን ገብስ አየና "እሺ፣ አምጪላት" አላት።

ማንጠግቦሽ በማግስቱ ከሥራ ያረፈ አንድ ሽማግሌ አህያዋን አመጣችላት። ጀርባው የተላጠ፣ አንድ ጆሮው የተቀደደ ነው። ድምቡሼ ገና እንዳየችው በእርግጫ ተቀበለችው! ይመኑ ደንግጦ ሊያስወጣው ሲል ማንጠግቦሽ "ይተዉዋቸው፣ አህያ ለአህያ ቢራገጥ ጥርስ አይሳበርም" አለችው። እውነትም ጥቂት ቆይተው አንገት ለአንገት ተደጋገፉ። ቀትር ላይ ድምቡሼ ከሽማግሌው ጎን ቆማ ድርቆሽ ታኝክ ነበር።

"እባክሽ ምሳ አብረን እንብላ" አላት ይመኑ።

"እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ቤት የሚጠብቁኝ አሉ።"

"እኔንስ ማን ይጠብቀኛል?" አለ ድንገት። ከአፉ አምልጦት ነው።

ማንጠግቦሽ አዘነችለት። "ለእሷ ጓደኛ አመጣሁላት። ለእርስዎ ግን ማንም አያመጣልዎትም፤ ራስዎ ይሂዱ" ብላው ወጣች።

ይመኑ ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ጎረቤቱ ወደ ልሳኑ ቤት ሄደ። ልሳኑ የይመኑ ሚስት የሞተች ጊዜ ሦስት ቀን ከአጠገቡ ያልተለየ ሰው ነው። በሩን የከፈተችው አንዲት ጎልማሳ ሴት ነበረች።

"ማንን ፈለጉ አባቴ?"

"ልሳኑን ነበር።"

"አባቴማ ካረፈ አራት ዓመቱ። እርስዎ ማን ነዎት?"

ይመኑ ወደ ግንቡ ዞሮ አየ፤ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ቀብሩ ላይ አልቆመ፣ ድንኳኑ ውስጥ አልተቀመጠ። በእፍረት አቀርቅሮ፣ "ጎረቤት ነኝ" አለ። እንባውም መጣ።

ሴትየዋ በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተች። "ይግቡ፤ ልቅሶ አይረፍድበትም" አለችው።

ወዳጆቼ፣ ወዳጅ ከሞት አያስጥልም፤ ሀቁ ይኸው ነው። ግን ከሞት የማያስጥል ሁሉ አይረባም ያለ ሰው፣ ሞቱ ሳይመጣ በቁሙ ይቀበራል። እናንተስ፣ ከግንባችሁ ማዶ ያለው ሰው ዛሬ በሕይወት መኖሩን ታውቃላችሁ?