የአስካለን ልጅ ክርስትና ማን ያንሳ?

ነገሩን እኔ ልንገራችሁ፤ ፍርዱ የናንተ ነው።

በአንድ ወቅት፣ ሰንበሌጥ በምትባል የደጋ ከተማ ሰይፈ የሚባል የመኪና ቴክኒክ መርማሪ ነበር። ሥራው በየዓመቱ የየመኪናውን ፍሬን፣ መብራትና መስታወት አይቶ፣ ደህናዋ ቦሎ እንዲለጠፍላት ማሳለፍ፣ እክል ያለባትን መመለስ ነው። በመስታወት ነገር በተለይ ጥብቅ ነበር። የፊት መስታወቱ ላይ ውሃ ያፈስና የዝናብ መጥረጊያው ሲሄድ ሲመለስ ያያል፤ ውሃው መስመር ሠርቶ ከቀረ "የመጥረጊያውን ጎማ ቀይረህ ተመለስ" ይላል። ስንጥቅ ካየ በአውራ ጣቱ ይዳብሰዋል፤ ስንጥቁ ከሹፌሩ ዓይን ፊት ለፊት ከሆነ ማንም ይሁን ማን አያሳልፍም። የጎን መስታወቶችን አንድ በአንድ ያወርዳል፣ ይሰቅላል። ባለመኪኖች ያሙታል፤ ግን አይፈርዱበትም። የሰንበሌጥ ጭጋግ አይጣል ነው። ወደ ቆላው የሚወርደው፣ አንገት ሰባሪ የሚሉት ቁልቁለት ደግሞ በግራው ቋጥኝ፣ በቀኙ ገደል ነው።

በግንቦት ወር ጋሽ ገሠሠ ሚኒባሳቸውን ይዘው መጡ። ጋሽ ገሠሠ ሰይፈ ሚስቱን ሲያጭ ሽማግሌ ሆነው የሄዱለት፣ እናቱ ስትሞትም ቀብሩን ከፊት ሆነው ያስፈጸሙለት ሰው ናቸው። ሚኒባሷ አርጅታለች። የፊት መስታወቷ ከሹፌሩ ፊት ተሰንጥቆ እንደ ሸረሪት ድር ተበትኗል። ሰይፈ ውሃ ቢያፈስባት በሹፌሩ በኩል ያለው መጥረጊያ ግማሽ መንገድ ሄደና ተንቀጥቅጦ ቆመ። የሹፌሩ በር መስታወት ማውረጃም እጀታው ተነቅሎ ጠፍቷል፤ ሹፌሩ ታረቀኝ በፒንሳ እየጠመዘዘ ነው የሚያወርደው። ሰይፈ ቀና ሲል ጋሽ ገሠሠ እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ያያል።

"ልጄ፣ አሠራታለሁ፤ ትንሽ ጊዜ ስጠኝ" አሉት። "መቼም እኔን በሰው ፊት አትመልሰኝም።"

ሰይፈን ይሉኝታ ያዘው። ዘወር ሲል ከታረቀኝ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ታረቀኝ አንገቱን ደፋ። እሱም ከዚያ በፊት መጥረጊያው እንዲሠራለት ጋሽ ገሠሠን ጠይቆ፣ መንዳት ካቃተህ የሚነዳ አይጠፋም ተብሎ አፉን ይዞ ነበር። እንግዲህ አንዱ ለመኑ፣ አንዱ ዝም አለ፣ አንዱ ፈረመ። ሚኒባሷም ቦሎዋን ለጥፋ ሄደች። የዚያን ቀን ሰይፈ ምሳ አልበላም። ክረምቱ ሳይበረታ ያሠሯታል ብሎ ራሱን አጽናና፤ ውሎ ሲያድር ግን ነገሩን ረሳው።

ክረምቱ በረታ። አንድ ከሰዓት በኋላ የሰይፈ ጎረቤት አስካለ ምጥ ያዛት። ልጁ አልወርድ አለ፤ ደም ይፈሳታል። ከጤና ጣቢያ የመጣችው አዋላጅ፣ ቆላ ያለው ሆስፒታል ካልደረሰች ሁለቱም ይሞታሉ አለች። አምቡላንሱ ሌላ በሽተኛ ይዞ ወርዷል። የአስካለ ባል ደምሰው ሮጦ ያገኛት ብቸኛ መኪና የጋሽ ገሠሠ ሚኒባስ ሆነች። ጋሽ ገሠሠ አላመነቱም፤ እሳቸውም አብረው ተነሡ። ሰይፈ ከቃሬዛው አንዱን ጫፍ ይዞ ነበር። ከመኪናዋ ሲደርስ ያ ስንጥቅ ሰፍቶ ጠበቀው።  ይህች መኪና አትሄድም ይበል? ሌላ መኪና የለም። አይቶ ማሳለፉን ይናገር? በዚያ ሰዓት ማን ይሰማዋል። ቃሬዛውን አስገብቶ አብሮ ተቀመጠ።

ከቁልቁለቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ ዝናቡ ወረደ። መጥረጊያው እንደ ልማዱ ተንቀጥቅጦ ቆመ። መንገዱ መዞሪያ የለውም፣ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም፤ ቆመው ዝናቡን እንዳያሳልፉት አዋላጇ ከቆምን ትሞትብናለች አለች። ታረቀኝ ፒንሳውን አንሥቶ የበሩን መስታወት አወረደ። አንገቱን ወደ ውጭ አውጥቶ፣ ቋጥኙን እየተከተለ መንዳት ቀጠለ። ዝናቡ በረዶ ሆነ። ፊቱን ይቀጠቅጠዋል፤ ግባ ቢሉትም አልሰማም። ኩርባ በኩርባ ወረደ። በመጨረሻ አንድ ትልቅ በረዶ ግራ ዓይኑን አገኘው። አንድ ጊዜ ብቻ አቃሰተ፤ ደሙን በእጅጌው እየጠረገ በአንድ ዓይኑ ነዳ፤ ሁለተኛውም አብጦ እስኪጠብብ ድረስ አንገቱን አላስገባም። ያ ግራ ዓይን ከዚያ ወዲህ ብርሃን አላየም።

አንገቱን ወደ ውስጥ ሲመልስ ደግሞ ከቋጥኙ የተፈነቀለ ድንጋይ የፊት መስታወቱን መታው። ስንጥቁ ሁሉ ተያያዘ፤ መስታወቱ ሳይወድቅ እንደ ወተት ነጣ፤ ከፊት ያለው ነገር ጠፋ። ታረቀኝ ፍሬን ይዞ ቀረ። ከጎኑ የተቀመጡት ጋሽ ገሠሠ ነበሩ። በክርናቸው መቱት፤ መሃሉ ተቀደደ፣ ዙሪያው ግን ከፍሬሙ አልላቀቅ አለ። ጊዜ የለም። በባዶ እጃቸው ይዘው ይጎትቱት ጀመር። ደማቸው በዳሽቦርዱ ላይ ሲፈስ ደምሰው ሊያግዛቸው ቢጠጋ፣ አንተ ሚስትህን ያዝ ብለው መለሱት። መስታወቱን ገንጥለው ሲጨርሱ የቀኝ እጃቸው ጅማት ተበጥሶ ነበር። ጣቶቻቸው ዛሬም አይታጠፉም፤ ጉርሻ የሚያጎርሷቸው ሚስታቸው ናቸው።

ዝናቡ አባራ፤ ጭጋጉ ግን ከገደሉ ተነሥቶ መንገዱን ዋጠው። የመኪናዋ መብራት ጭጋጉን ከማንጣት በቀር አልፈየደም። ይሄኔ ሰይፈ የአስካለን ነጠላ ጠየቀ። ነጠላውን በጀርባው ላይ ዘርግቶ አስሮ ወረደ፤ በገደሉ በኩል፣ ከመኪናዋ ፊት ፊት እየሄደ፣ ታረቀኝ ያቺን ነጭ ነገር ብቻ እንዲከተል ነገረው። በእግሩ የመንገዱን ዳር እየዳበሰ መራቸው። አንድ ኩርባ ላይ እግሩ መሬት አጣ። ጎርፍ መንገዱን በልቶት ኖሯል። እስከ ብብቱ ወርዶ የቁጥቋጦ ሥር ይዞ ተንጠለጠለ።

"ቁም!" ብሎ ጮኸ።

መኪናዋ ከራሱ በላይ ቆመች። ደምሰው ወርዶ ጎትቶ አወጣው። ሰይፈ ተነሥቶ ጎርፉ ያስቀረውን የመንገድ ስፋት በእርምጃ ለካ፣ ጎማውን ከቋጥኙ እያስጠጋ ታረቀኝን አሳለፈው፤ ከዚያም ጭጋጉ እስኪገለጥ ድረስ ከፊት መሄዱን ቀጠለ። ሆስፒታል ደረሱ። አስካለ ተረፈች። ልጁም ወንድ ነበር፤ በደህና ተወለደ።

ሰንበሌጥ ሦስቱን አመሰገነች። ሰይፈ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ሽማግሌዎች ብድግ ይሉለት ጀመር፤ እሱ ደግሞ መሬት ብትውጠው ደስ ባለው። የታረቀኝን ዓይንና የጋሽ ገሠሠን እጅ ባየ ቁጥር የራሱን ገላ ያያል፤ ጠባሳ እንኳን የለበትም። ጭቃውን ታጥቦ ጨርሷል። ሚስቱ ምን ሆነሃል ስትለው ድካም ነው ይላታል። ድካም እንዳልሆነ ግን ታውቃለች።

የክርስትናው ቀን ሲቃረብ አስካለ ሦስቱንም ጠራቻቸው። የነፍስ አባቷ መምሬ ወልደየስም ነበሩ፤ ጎረቤቶችም ነበሩ። ልጁን ታቅፋ፣ ይህን ልጅ ከሞት ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ፣ ክርስትና የሚያነሣው ከእናንተ አንዱ ይሁን፣ ተነጋገሩና ንገሩኝ አለች።  ቀድማም ሰይፈን ተመለከተች። በዚህ ጊዜ አላስቻለውም።

"አስካለ፣ ያቺ መኪና መንገድ ላይ መውጣት አልነበረባትም" አላት። "መስታወቷንም መጥረጊያዋንም አይቼ፣ ፈርሜ ያሳለፍኳት እኔ ነኝ። አንቺን ስናስገባሽም አውቅ ነበር።"

ደምሰው ከተቀመጠበት ተነሥቶ ወጣ። ደጅ ቆሞ ሲተነፍስ ይሰማል። ሰይፈ አንገቱን ደፍቶ ቀረ፤ ያሳፈረው ግን ያወጣው ኃጢአት ብቻ አልነበረም። ሲናገር በልቡ ጥግ፣ እውነቱን በማውጣቴ ልጁን ለእኔ ይሰጡኛል የሚል ተስፋ ብልጭ ብሎበት ነበር። ያንን ተስፋ ለማንም አልተናገረውም። ቢናገረውስ በምን አፉ።

ጋሽ ገሠሠ የማይታጠፈውን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው ተናገሩ። ሰይፈን በሰው ፊት ይዘው መውጫ ያሳጡት እሳቸው መሆናቸውን፣ መስታወቱን ለማስቀየር ሲያቅማሙ ክረምቱ እንደ ደረሰባቸው አልደበቁም። ይህን ሁሉ ካሉ በኋላ ግን ልጁን ለመኑ።

"ለእኔ ስጡኝ" አሉ። "ይገባኛል ብዬ አይደለም። ባየሁት ቁጥር እንዳፍር ነው።"

ታረቀኝ በተሸፈነው ዓይኑ በኩል ዞሮ ስለተቀመጠ ፊቱ አይታይም። በየቀኑ እየነዳት መጥረጊያዋ እንደማይሠራ ከሁሉም በላይ የሚያውቀው እሱ እንደ ነበር፣ አንድ ጊዜ ተናግሮ ሁለተኛ መናገር እንጀራውን እንዳያስቆርጠው መፍራቱን በአጭሩ ገለጸ።

"ዓይኔ የሄደው ለዝምታዬ ነው" አለ። "በላዩ ክብር አልፈልግም።"

ደምሰው ተመልሶ ገባ። ማንንም አልተሳደበም። ከሚስቱ ጎን ተቀምጦ የልጁን እግር ያዘ። ጎረቤቶቹ ግን ተከፋፈሉ። አንዳንዶቹ፣ ዓይኑን የሰጠውና ክብሩን የማይፈልገው ታረቀኝ ነው፣ የሚገባውም ለማይፈልገው ነው አሉ። ሌሎቹ ደግሞ፣ ጊዜው ሲደርስ ዝም ለሚል ሰው ልጅ ይሰጣል ወይ ብለው ተቃወሙ። ጋሽ ገሠሠ ጥፋታቸውን ዕድሜ ልክ ሊሸከሙ የፈቀዱ ብቸኛ ሰው ናቸው ያለ ነበር፤ የለም፣ ዛሬም እንደ ያኔው በሰው ፊት እየለመኑ ነው ያለም ነበር። ስለ ሰይፈ የተባለውም እንዲሁ ነው። ሥራው ማገድ ሆኖ ያሳለፈ እሱ ነው፣ ከሁሉም ይበልጥ ያጠፋው እሱ ነው አሉ፤ ወዲያው ግን፣ እሱ ባይናገር ማናችን እናውቅ ነበር ተባለ።

መምሬ ወልደየስ ሁሉንም ካዳመጡ በኋላ፣ ንስሐችሁን ከእኔ ጋር ትጨርሳላችሁ፣ ለልጁ ግን የምታውቅለት እናቱ ናት አሉ።

ሰይፈ በማግስቱ ለአለቃው ሄዶ ያደረገውን ተናገረ፤ ከምርመራ ተነሥቶ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደበ። ሚኒባሷም ጋሽ ገሠሠ ግቢ ውስጥ ያለ መስታወት ቆማ ቀረች። ታረቀኝ መንዳቱን ትቶ ከወንድሙ ጋር እርሻ ገባ። አስካለ ግን እስከ ክርስትናው ዋዜማ አልወሰነችም። ለደምሰው እንዲህ አለችው፦

"ቂም አልያዝኩም። ግን ልጄ ሲያድግ፣ የክርስትና አባቴ ምን አደረገልኝ ብሎ ይጠይቀኛል። ያደረገለትን ስነግረው ያደረገበትንም መንገር አለብኝ። የማንኛቸውን ብነግረው ይሻለዋል?"

 ሰይፈ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ የሕፃኑን ልቅሶ እየሰማ፣ እንዲጠሩት እየፈለገ፣ በመፈለጉም እያፈረ አደረ።

እንግዲህ ጨርሻለሁ። አንዱ ዓይኑን፣ አንዱ እጁን፣ አንዱ ስሙን ሰጥቷል፤ ልጁን ከገደል አፋፍ ያደረሱትም፣ ከገደል አፋፍ የመለሱትም እነዚያው ናቸው። እናንተ በአስካለ ቦታ ብትሆኑ፣ ልጁን ለማን ትሰጡት ነበር?