የአያልነሽ ሁለተኛ ልጅና የእድሩ ድንኳን

አንድ የእድር ዳኛ ነበረ። ቆይ፣ አታቋርጠኝ፤ ጥያቄህን ሰምቻለሁ፣ ሦስት ጊዜ ነው የነገርከኝ። ስፌት ቤትህ የምትሠራው አያልነሽ በወሊድ ፈቃድ ላይ ሳለች ደግማ አረገዘች። አንተም «ፈቃዷን ወስዳ የለም እንዴ? አሁንም ቦታዋን ልጠብቅላት?» ትላለህ። ይባስ ብለህ የስንብት ደብዳቤዋን ጽፈህ በኪስህ ይዘህ መጥተሃል። እንግዲህ ዝም ብለህ ስማኝ።

ይህ ዳኛ ከእኔ ወዲያ ደንብ አዋቂ የለም ባይ ነበር። ከእድሩ አባላት የአንዱ፣ የአንድ አናጢ፣ እናት ሞቱ። ድንኳን ተተከለ፣ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ፣ ሰው ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ የአናጢው አባት እዚያው ለቅሶው ላይ ወድቀው አረፉ።

ዳኛው ምን ቢል ጥሩ ነው? የደንቡን ደብተር ገለጠና «ለአባል ድንኳኑ ሦስት ቀን ይቆማል ይላል። ሦስቱንም ተጠቅመሃል፤ ነገ ይነቀላል» አለው።

«ጌታዬ፣ አባቴ እኮ የሞቱት አሁን ነው!»

«ታዲያ ድንኳኑ ቆሞልህ የለም? ምነው ነገር አበዛህ?»

አይ ሰው! አባትየው ከመሞታቸው በፊት ደንቡን ማንበብ ነበረባቸው?

በማግስቱ ሰው አባትየውን ቀብሮ ሲመለስ ድንኳኑ የለም። ሸራው ተጣጥፎ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ለቀስተኛው ባዶ ሜዳ ላይ ፀሐይ እየመታው ቆመ። አናጢው አንገቱን ደፋ። ማፈር የነበረበት ሌላ ሰው ሆኖ ሳለ ያፈረው እሱ ነው፤ ይኼ ይኼ ነው እኔን የሚያናድደኝ።

በዚህ ጊዜ አንዲት አሮጊት ከለቀስተኛው መሐል ወጥተው ሄዱና ሸራው ላይ ቁጭ አሉ። ዳኛው ተነሡ ቢላቸው አልነሣም አሉ።

«ደንቡ የተጻፈው ለሸራው ነው ለሰው? ሸራው ደክሞት ከሆነ ይንገረኝ። የሞቱት ግን ሁለት ሰዎች ናቸው።»

ያኔ ወንዶቹ ምሰሶውን አንሥተው በዚያው ጉድጓድ መልሰው ተከሉት። ቀኑም ከዚያ ዕለት ጀምሮ እንደገና ተቆጠረ። ዳኛው ደብተሩን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

አንተም ያው ዳኛ ነህ። ልደትን ከለቅሶ ጋር ማስተያየቴ ለእኔም ደስ አላለኝም፤ ግን በሌላ አልገባህ አለ። ለቅሶ ሁለቴ ቢመጣብህ ሁለቴ እንድንቀመጥልህ ትፈልጋለህ። ልጅ ሁለቴ ሲመጣ ግን «ቅድም ሰጥቼሻለሁ» ትላለህ። ቅድም የሰጠኸው ለተወለደው ልጅ ነው፤ የሚወለደው የራሱ አለው። ፈቃዷን ትጨርስ። ስትመለስ የስፌት መኪናዋ ቦታው ላይ ይጠብቃት፤ ያንን ከባድ ጥቅል ጨርቅ አታሸክማት፤ ለምርመራ ስትሄድም ፊትህን አታጥቁርባት። ስትወልድ ደግሞ ቀኑን እንደገና ከአንድ ጀምረህ ቁጠርላት።

በል፣ ደብዳቤውን አምጣው። አንተ ትቀደዋለህ ወይስ እኔ ልቀመጥበት?