የሲራክን ልጅ ክርስትና ማን ያንሳ?

በአንድ ወቅት «ቦክሰኛና ታጋይ ቢገጥሙ ማን ያሸንፋል?» የሚለው የወጣቶች ክርክር ከወሬ አልፎ እውነተኛ ግጥሚያ ሆነ። ነገሩ የሆነው በአንዲት የቆላ ከተማ፣ ድሮ ጥጥ ይከማችበት በነበረ መጋዘን ውስጥ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ይሰበሰባል። ቦክሰኛውም፣ ታጋዩም፣ ጁዶ የሚሠራውም በየሙያው ይገጥማል። ጓንት የለም፣ ሰዓት የለም፣ ኪሎ የሚለካ የለም። «ቅልቅል» ይሉታል።

«ቦክሰኛ አንዴ ከተያዘ የታሰረ ዶሮ ነው!» ይላል አንዱ።

«ታጋያችሁስ? እስኪይዝ ድረስ አፍንጫው የት ሊቆየው ነው?» ይላል ሌላው።

ሕጉ አንድ ብቻ ነበር። በካርቶን ተጽፎ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ «በቃኝ ያለ ተሸነፈ» ይላል።

ከሚገጥሙት አንዱ ሲራክ ነበር፤ ጁዶ የሚሠራ፣ ቀጭን፣ ሳቂታ ልጅ። ሚስቱ ውባለም ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። አንድ እሑድ ከቤት ሲወጣ፣

«ዛሬን እንኳ ብትቀር» አለችው።

«ምን እንዳልሆን? ሕግ አለው እኮ» አላት።

የገጠመው ዳምጠው ከሚባል ታጋይ ጋር ነው። ሲራክ ሁለት ጊዜ ጣለው። በሦስተኛው ዳምጠው ከኋላው ዞረና አንገቱን በቀኝ ክንዱ ቆለፈው። ሲራክ ተንበረከከ፤ በመዳፉም ወለሉን መታ መታ መታ አደረገ።

ጁዶ በሚሠሩት ዘንድ ይህ «ተሸንፌያለሁ፣ ልቀቀኝ» ማለት ነው። በዳምጠው አገር ግን የተያዘ ታጋይ መሬት ሲመታ «ገና ነኝ» ማለቱ ነው። ተመልካቹ ያጨበጭብለታል። ያን ጊዜ የያዘው ሰው ክንዱን ካላላ ሰውየውን ናቀው ይባላል።

ዳምጠው አከበረውና አጠበቀ። ሕዝቡም አጨበጨበ። ሲራክ ሲመታ እነሱም ያጨበጭባሉ፤ መጋዘኑ በሙሉ በሲራክ እጅ ልክ ያጨበጭብ ጀመር። እጁ ካቆመ በኋላም ጭብጨባው ጥቂት ቀጠለ። «በቃኝ» የሚለው ቃል የሚወጣው በጉሮሮ ነው፤ ጉሮሮው ተይዟል። ካርቶኑን ሲጽፉ ይህን ያሰበ አልነበረም።

ሲራክ ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ። ውባለም መርዶውን ስትሰማ ምጥ ያዛት፤ በዚያው ቀን ወንድ ልጅ ወለደች። እንግዲህ የአባት አርባና የልጅ ክርስትና አንድ ቀን ላይ ዋሉ።

ሕፃኑ ሲጠባ በትንሽ መዳፉ ደረቷን መታ መታ ያደርጋል። እሷ ክው ትልና ጡቷን ታስለቅቀዋለች። እሱ ገና አልጠገበም፣ ያለቅሳል። መልሳ ትሰጠዋለች፤ መልሶ ይመታታል። በከተማውም ያን ሰሞን ሠርግ ላይ እንኳ ጭብጨባው ደመቅ ሲል ድንገት እጁን አውርዶ ወደ ውጭ የሚወጣ ሰው አይጠፋም ነበር።

አርባው ሲቃረብ ሦስት ሰዎች በየተራ መጡ። ሦስቱም የለመኑት አንድ ነገር ነው፤ የልጁን ክርስትና ማንሳት።

መጀመሪያ የመጣው ዳምጠው ነው። ይህ ሰው በለቅሶው ቀን፣ የሲራክ ወንድሞች ዱላ ይዘው በተቀመጡበት ድንኳን ገብቶ በግንባሩ ተደፍቷል። «ያነቅሁት እኔ ነኝ» አለ እንጂ «አላወቅሁም» አላለም። ሽማግሌ ገብቶ ነው የተረፈው። ከዚያ ወዲህ አልታገለም። የገዛ ልጁንም በቀኙ አያቅፍም። ወደ ውባለም ሲመጣ ቀኝ ክንዱን በነጠላ ከጎኑ ጋር አስሮት ነበር።

«እህቴ፣ አባቱን ያሳጣሁት እኔ ነኝ። አባት የምሆነውም እኔ ልሁን።»

«ከነክንድህ?» አለችው።

«ከነክንዴ።»

ቀጥሎ የዚያን ቀን ግጥሚያውን የዳኙት ጋሽ መኩሪያ መጡ፤ የድሮ ቦክሰኛ ናቸው። መሬት መምታት በጁዶ ምን ማለት እንደሆነ ያውቁ ነበር፤ የጁዶ ልምምድ አይተዋል። ነገር ግን ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ አንዱ እጁን ቢያነሳ ግጥሚያውን አስቁመው፣ ሕዝቡ «ሌባ ዳኛ!» ብሎ ጮኾባቸው ነበር። ስለዚህ በሲራክ ጊዜ «በቃኝ» የሚለውን ቃል ጠበቁ። ጎንበስ ብለው «በቃህ?» አሉት፤ መልስ ጠበቁ። በሳምንቱ መጋዘኑ መካከል ቆመው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «ገብቶኝ ነበር» አሉ። ካርቶኑን ቀደዱና «መሬት የመታ በቃው» ብለው አዲስ ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰዎች አንገታቸው ተይዞ፣ መሬት መትተው፣ በእግራቸው ቤታቸው ገብተዋል።

«ልጄ፣ ሲራክን መመለስ አልችልም። ለልጁ ግን ቀድሜ እደርስለታለሁ።»

«የሁለቱ ሰዎች ሚስቶች ይመርቁዎት» አለች ውባለም።

መጨረሻ የመጣው የሲራክ አሠልጣኝ ማስተር ይርጋ ነው። የዚያን ቀን ሕጉን ጥሶ ዘሎ የገባ፣ የዳምጠውን ክንድ በሁለት እጁ ፈልቅቆ ያላቀቀ እሱ ብቻ ነው። ዘገየ እንጂ ገባ። ከተማው ያመሰግነዋል። እሱ ግን ለውባለም ማንም የረሳውን ነገር ነገራት። ሕጉ ሲጻፍ ስለ መሬት መምታት ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር። አንዱ ቦክሰኛ «ማስተር፣ ገና ሳንጀምር እጅ መስጠት ልታስተምረን ነው?» አለ። ሁሉም ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀና ዝም አለ።

«መሬት ምታ ብዬ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ቋንቋውን ወደማያውቁ ሰዎች ላክሁት» አለና የማሠልጠኛውን ቁልፍ ፊቷ አስቀመጠ። «አንቺ እስክትፈርጂ አልከፍተውም።»

«ለምን ነገሩኝ? ማን ጠየቀዎት?»

«ማንም።»

የሲራክ እናት እማማ ትብለጥ ይህን ሁሉ ከጓዳ ይሰሙ ነበር።

«ሦስቱም ከደጄ አይድረሱ! ሰው ጠፋ? ጎረቤት የለም?»

«ጎረቤቱ እዚያ አልነበረም፣ እማማ» አለች ውባለም። «ይህ ልጅ አንድ ቀን አባቴ እንዴት ሆነ ብሎ ይጠይቃል። የክርስትና አባቱ ዓይኑን እያየ የሚመልስለት ሰው መሆን አለበት።»

አሮጊቷ ተቆጥተው ብዙ አጉረመረሙ።

አርባው ደረሰ። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በአንድ በኩል ለአባቱ ፍትሐት ይደገማል፤ በሌላ በኩል ለልጁ የጥምቀቱ ውሃ ተዘጋጅቷል። ሦስቱ ሰዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። ዳምጠው ነጠላውን ፈትቶ ክንዱን አውጥቷል። ጋሽ መኩሪያ አንገታቸውን ደፍተዋል። ይርጋ ከንፈሩን ነክሷል።

ቄሱ ልጁን ከውሃው አወጡት። «ተቀባዩ ማነው?» አሉ።

ሦስቱም እጃቸውን ዘረጉ፤ ዘርግተውም ሁሉም ወደ ውባለም ዞሩ። ልጁ በቄሱ እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል።

እናንተ የሰማችሁ፣ እስቲ ፍረዱ። ሳያውቅ አጥብቆ የያዘው አለ፤ እያወቁ ቃል የጠበቁት አሉ፤ ተስቆበት ዝም ያለው አለ። ልጁ ሳይበርደው የማን እጅ ይቀበለው?