የተዘለለው ሰላምታ

በወጣትነቴ የሰው ደብዳቤ እየቆረጥኩ አንብቤአለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት በተቀመጥኩባቸው ሦስት ዓመታት፣ ማንበብ የማይችሉ ጎረቤቶቼ የመጣላቸውን ደብዳቤ ይዘው ወደ እኔ ይመጡ ነበር። ያልተጻፈ ነገር ጨምሬ አላውቅም። የተጻፈውን ግን አስቀርቻለሁ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። አሁን ያናገረኝ የስመኝ ጥያቄ ነው።

የሰፈራችን ዕድር በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ድንኳኑንና አግዳሚ ወንበሮቹን ለጎልማሶች ትምህርት ይሰጣል። የተማርን ሰዎች በየተራ እናስተምራለን፤ ወጣቶቹ ደግሞ የሚማሩትን እናቶች ሕፃናት ይጠብቃሉ። ከወጣቶቹ አንዷ ስመኝ ተራዋ በደረሰ ዕለት አንድ ዝም አልል ያለ ሕፃን አዝላ መጣችና አጠገቤ ቆመች።

«እትዬ አምሳለ፣ አይክፋሽና ልጠይቅሽ» አለችኝ። «እነዚህ ሴቶች የሚያነቡላቸው ልጆች አሏቸው። ስልክም አለ። እማማ ደብሪቱ በስልሳ ዓመታቸው ፊደል ቢቆጥሩ ሚኒስትር አይሆኑ። እኔ የሰው ልጅ ጀርባዬ ላይ እየሸናብኝ የምቆመው ለምንድን ነው?»

ሳቅኩ። ሕፃኑን ተቀበልኳትና እንድትቀመጥ ነገርኳት። ከዚያ እንዲህ አልኳት።

አንድ ሰው ነበረ። በመንደሩ ማንበብ የሚችለው እሱ ብቻ ነበረ። ክፉ ሰው አልነበረም። ደብዳቤ የመጣለት ሁሉ ወደ ደጁ ይሄዳል፤ እሱም ሥራውን አቁሞ፣ እጁን ታጥቦ ያነብለታል። ነገር ግን ችኩል ነበረ። የዚያን ጊዜ ደብዳቤ በሰላምታ ይጀምራል፤ ሰላምታው ብቻውን ገጹን ይሞላዋል። የእናት፣ የአባት፣ የክርስትና አባት፣ የጎረቤት፣ አንዳንዴም የላሟ ጤና ሳይቀር በየስሙ ይጠየቃል። ሰውዬው ይህን በዓይኑ ሮጥ ሮጥ ብሎበት ያልፍና «ሰላምታው እንደተለመደው ነው፤ ወደ ጉዳዩ ልግባ» ይል ነበር።

በዚያው መንደር አንዲት መበለት ነበረች። አንድ ልጇ በሩቅ ቆላ፣ በሸንኮራ እርሻ ይሠራል። ደብዳቤው በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ይመጣል። ሰውዬው ጉዳዩን ይነግራታል፤ ልጅሽ ሥራ ቀይሯል፣ ልጅሽ ብርድ ልብስ ልኳል ይላታል። እሷ ግን አትነሣም።

«ስለ እኔ ያለው ነገር የለም?» ትለዋለች።

«ሰላም ብሎሻል» ይላታል።

ደብዳቤውን አጣጥፋ በቆርቆሮ ሳጥን ታስቀምጠዋለች። እያደር ልጄ ቀዝቅዞብኛል ማለት ጀመረች። መልስ ሲጻፍላትም «አለሁ በለው» ከማለት በቀር የምትጨምረው ጠፋ። በመጨረሻ ደብዳቤው ጭራሽ ቀረ።

በዚህ መካከል ወደ መንደሩ አንዲት መምህርት መጣች። ቀን ልጆቹን ካስተማረች በኋላ ወላጆቹንም ላስተምር አለች። ሰሌዳ አልነበረም። አንዱ ገበሬ የጎተራውን አሮጌ በር ነቅሎ አመጣ፤ ሴቶች ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ወቅጠው፣ በጥብጠው አጠቆሩት። የሚማሩት ተቀምጠው ሲጽፉ፣ የማይማሩት ውኃ ይቀዱላቸዋል፣ ከብታቸውን ያስገቡላቸዋል። ደብተር ስላነሰ እናትና ልጅ አንዱን ደብተር፣ አንዷ ከፊት አንዷ ከኋላ፣ እየጻፉ ይጨርሱት ነበር። ሰውዬው ግን «እኔ እያለሁ ምን አደከማቸው» ብሎ በሩቁ ያልፋል።

መበለቲቱ ከሁሉ ዘገምተኛ ነበረች። ቢሆንም ማንም ከኋላ ትቶአት አልሄደም። በሁለተኛው ዓመት ፊደል ከፊደል መግጠም ስትችል፣ ቤቷ ገብታ የቆርቆሮ ሳጥኑን ከፈተች። ለብዙ ቀን ከደጅ አልታየችም። አንድ ቀን ጠዋት የመጨረሻውን ደብዳቤ ይዛ ወደ ሰውዬው ሄደች።

ሰውዬው እንደ ልማዱ ታጥቦ እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም። አጠገቡ ተቀመጠችና ጣቷን ከመስመሩ ሥር አድርጋ ራሷ ታነብለት ጀመር።

«የምወድሽ እናቴ ሆይ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ላማችን ቡሬ ወለደች ወይ? ባለፈውም፣ ከዚያ በፊትም ጠይቄሽ አልመለስሽልኝም። አስቀይሜሽ ከሆነ ንገሪኝ። ለፋሲካ ልምጣ ወይስ ልቅር? ና ካላልሽኝ አልመጣም።»

በየቃሉ ትቆማለች፤ የሳተችውን ተመልሳ ታነሣለች። ሰውዬው ሊዘል አልቻለም፤ ከእሷ ጋር በየቃሉ መቆም ነበረበት። ይህን ሁሉ ዓይኑ ድሮ አይቶታል። አፉ ነው ያላወጣው።

«እግርሽ ላይ ልውደቅ» አላት።

«እሱ ይቆይህ። ወረቀት አምጣ» አለችው።

አመጣ። እስክሪብቶውን ሊያነሣ ሲል እጁን ያዘችው። «ና የሚለውን እኔ እጽፈዋለሁ። አንተ ወረቀቱ እንዳይሸሽብኝ ያዝልኝ።»

ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ወረቀቱን ይዞላት ቆየ። ስትጨርስ አድራሻውን እንዲጽፍ ፖስታውን ሰጠችው።

ልጁ በዚያ ዓመት ለፋሲካ መጣ። እናቲቱም በር የነቀለውን፣ ባትሪ የወቀጠችውን፣ ውኃ የቀዳችላትን፣ ጥጃ ያሰረላትን፣ ሁሉንም በስሙ እየጠራች አመሰገነች። ወረቀት የያዘላትንም ጠራችው። አንድም ሰው አልዘለለችም።

ይህን ከጨረስኩ በኋላ ወደ ስመኝ ዞርኩ። «አየሽ» አልኳት፣ «ልጅ ያነብላቸዋል ብለሻል። እውነት ነው። ልጅ ግን ይቸኩላል፤ እኔም ቸኩያለሁ። ሰው በራሱ ዓይን እስኪያነብ ድረስ ምን እንደቀረበት አያውቅም። እማማ ደብሪቱ የሚማሩት ለሹመት አይደለም፤ የእሳቸው የሆነው ሁሉ ሳይጎድል እንዲደርሳቸው ነው። አንቺ ሕፃን ማዘልሽ ደግሞ ያን በር እንደ መንቀል ነው። በሩን ነቅሎ የሚያመጣ ባይኖር፣ ሴትዮዋ ምን ላይ ተጽፎላት ትማር ነበር?»

ስመኝ «ሰውዬውስ አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

እኔ ነኝ አልኳት። ወንድ ያደረግኩት አንገቴን ሳልደፋ መተረክ እንድችል ነው።

ሕፃኑን ተቀብላኝ መልሳ አዘለችው።

በምሳሌው ሳጥኑ ተከፈተ፤ ልጁም መጣ። የእኔን ግን አላውቅም። የዘለልኳቸውን ሰላምታዎች አላስታውሳቸውም፤ ደብዳቤዎቹም የት እንደደረሱ አላውቅም። የማውቀው አንዷ ባለደብዳቤ እማማ ደብሪቱ እንደነበሩ ነው። አሁን ከፊት ወንበር ተቀምጠው እኔን እየሰሙ ይማራሉ። እሳቸውን ፊት ለፊቴ ላስቀመጠልኝ ዕድር፣ በሩን ለሚነቅሉ፣ ሕፃን ለሚያዝሉ ሁሉ ምስጋናዬ ብዙ ነው።

ይህን ጽሑፍ በድንኳናችን ግድግዳ ላይ በትልልቅ ፊደል እለጥፈዋለሁ። አንቺ በጣትሽ እየተከተልሽ፣ በየቃሉ እየቆምሽ እዚህ የደረስሽ እናት፣ ምናልባት አንድ ቀን ደብዳቤሽን አንብቤልሽ ይሆናል። ይቅር በይኝ።